የማይሄደው ብስክሌት

«እሁድ አባቴ ለሰው ሽማግሌ መልስ ሊሰጥ ነው፤ አንተ ምን ትላለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ወንድ ከሁለት አንዱን ይላል። ወይ «አይሆንም» ይላል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ «እንግዲህ ይቅናሽ» ይላል። ሰውመሆን ግን «ውሃና ፎጣ ይዘሽ ነይ» ብሎ ጻፈላት።

ወለላ ደብዳቤውን የተቀበለችው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። የሩዝ መፈልፈያው ሞተር ይጮኻል፤ ገለባው በአየር ላይ ይንሳፈፋል። እሷ ሰፌዷን ይዛ ሩዝ ስታበጥር ሰውመሆን በአጠገቧ አለፈና የታጠፈ ወረቀት ሰፌዱ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። አላያትም። እሷም ቀና አላለችም፤ እናቱ ወይዘሮ ሰብለወንጌል ከመስኮቱ ማዶ ተቀምጠው የሠራተኛውን እጅ ሲቆጣጠሩ ይውሉ ነበርና።

ከጆንያው ክምር ጀርባ ተከልላ ከፈተችው። ሁለት ቅጠል ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን ቸኩላ አነበበችው።

‹ወለላ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንጀምራለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለምትመጪ የሚያጋጥምሽን ልንገርሽ። ባዶ ሆድሽን አትምጪ፤ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ቀለል ያለ ነገር ቅመሺ። ውሃና ፎጣ ይዘሽ ነይ። ወገብሽን አታጥብቂ፤ ትንፋሽሽ ሆድሽ ድረስ መውረድ አለበት። ቀድመሽ ድረሺ፤ ኮርቻውን በቁመትሽ ልክ አስተካክልልሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን መቀመጫሽን ያምሻል፤ ሁሉንም ያማል፣ አትፈሪበት። ጎማውን የሚያከብደው ቀዩ ማዞሪያ ነው፤ ለመጀመሪያው ቀን አትንኪው። እግርሽን ድንገት አታቁሚ፤ አንቺ ብትቆሚም ጎማው አይቆምም። ከሁሉ በላይ ከጎንሽ ያለችውን አትዪ። እዚህ ማንም ማንንም አይቀድምም።›

ገጹ አለቀ። ወለላ ጆሮዋ ጋለ። ሁለተኛውን ቅጠል አልገለጠችውም። ከዚህ በኋላ ምን ሊጽፍ ነው፣ ስለ ካልሲ?

ወለላ የገበሬው የአምባው ልጅ ናት። ከወረታ በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬደው፣ ክረምት ሲገባ ግማሹ ውሃ ከሚሆነው የፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ እየዘሩና ከብት እያረቡ ከኖሩ ሰዎች የተወለደች። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ብታቆምም ንባቧን አላቆመችም፤ እነሱ ቤት ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ተነብቦ ነው እሳት የሚገባው። ምላስሽ ይቆርጣል ይሏታል። እሷም አትክድም።

ሰውመሆን ደግሞ የአሠሪዋ አንድ ልጅ ነው። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ባላቸው ሲሞት ከአዲስ አበባ መጥተው ወረታ ላይ የሩዝ ንግድ ያቆሙ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ባሕር ዳር ስፖርት አስተማሩት። ተመርቆ ሲመለስ ከመፈልፈያው በላይ ያለውን አዳራሽ ለቀው ዘጠኝ ብስክሌት ገዙለት። ብስክሌት ሲባል ታዲያ የሚሄድ አይደለም፤ ጎማው አንድ ከባድ ብረት፣ እግሩ ወለሉ ላይ የተተከለ። ከተማው «ሰብለ ለልጇ የማይሄድ ብስክሌት ገዛችለት» እያለ ክረምቱን ሳቀበት።

ወለላ ብቻ አልሳቀችም። አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ከላይ በደረጃው ሲወርድ እሷ ከታች ቀና ስትል ዓይን ለዓይን እየተገጣጠሙ፣ መጽሐፍ እያዋሳት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት እየሸጎጠላት ኖረዋልና ሳቁ አልመጣላትም። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን የመፈልፈያው በር ላይ አስቁማ ነገረችው።

«የይፋጉ ካሴ ለልጁ ሽማግሌ ልኳል። አባቴ አዲሱ ዓመት ሳይገባ፣ ጳጉሜን ሁለት እሁድ፣ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔን ጠይቆኛል። ዝም ካልሽ ግን እሺ እንዳልሽ እቆጥረዋለሁ ብሎኛል። አንተ ምን ትላለህ?»

ሰውመሆን አፉን ከፈተ። እናቱ ከውስጥ ተጣሩ። አፉን ዘጋ።

«ጊዜ ስጪኝ» ብሏት ገባ።

ጊዜ ሰጠችው። እሱ ኮርቻ ላከላት።

ወረቀቱን ልትቀደው ጫፉን ያዘች፤ እጇ እምቢ አላት። አራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ያን ዕለት ያበጠረችው ሩዝ አንድ ጠጠር አልተገኘበትም፤ ንዴት እጇን አበርትቶት ነበር። ከንዴቱ ሥር ግን የሆነ ነገር ያለቅስ ነበር። ሰምታ እንዳልሰማ አለፈችው።

* * *

ቅዳሜ ጳጉሜን አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሳች። እናቷ ይታይሽ ቂጣና እርጎ አቀረበችላት።

«አልበላም።»

«ምነው፣ አሞሻል?»

«ደኅና ነኝ። አላሰኘኝም።»

ይታይሽ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ወለላ ከቀሚሷ ሥር ከሥራ ጓደኛዋ የተዋሰችውን የቱታ ሱሪ ለብሳለች። «ዛሬ ደግሞ ምን ሥራ ነው?»

«የጉልበት ነው።» ውሸት አልነበረም።

«ለጉልበት ሥራማ ወገብ ይታሰራል» አለችና ይታይሽ መቀነቱን ከተሰቀለበት አወረደች። ስምንት ክንድ የሚሆን፣ ራሷ የፈተለችው። የሜዳው ሴት በአረም ቀን፣ በአጨዳ ቀን፣ ሸክም ባለበት ቀን ሁሉ እንዲህ ናት፤ መጀመሪያ ወገቧን፣ ከዚያ ሥራዋን። ወለላ አንዱን ጫፍ ሆዷ ላይ ይዛ ቆመች፤ እናቷ ሌላውን ይዛ ዞረቻት።

«አጥብቂው፣ እማ።»

«ከዚህ በላይ?»

«ከዚህም በላይ።»

ወገብሽን አታጥብቂ ብሎ የለ? ይኸው። ባዶ ሆድሽን አትምጪ ብሎ የለ? ይኸው። ሦስተኛው ዙር ላይ ወረቀቱን መልሳ ሸጎጠችው። ለምን እንደያዘችው ቢጠይቋት «ፊቱ ላይ ልጥለው» ትል ነበር።

«ዓይንሽ አብጧል» አለች ይታይሽ ጫፉን እየቆለፈች።

«ትንኝ ነው።»

«ለአባትሽ ምን ልበለው? ነገ ነው እኮ።»

«ማታ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ምን ብላ እንደምትነግረው ግን አታውቅም። ለዚህ ነው ዛሬ የምትሄደው። ሰውየውን ዓይኑን አይታ፣ ደካማነቱን አረጋግጣ፣ ማታ ለአባቷ «እሺ» ለማለት። እንዲህ ነበር ያሰበችው።

ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ውሃ ይዟል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዉ እስከ ጉልበቱ ረግጦ ሩዝ ያርማል፤ የደቦ ቀን ነው። በአንድ መስመር ጎንበስ ብለው አብረው ይገፋሉ፤ አንዱ ከመስመሩ ወደኋላ የቀረ እንደሆነ በስሙ ተገጥሞ ይዘፈንበታል፤ ያ ዘፈን እስከ አጨዳ አይለቀውም። ወለላ ተዘፍኖባት አያውቅም። ከጎኗ ያለችውን ሴት እጅ በዓይኗ እየጠበቀች፣ ወገቧ ቢቆረጥም ቀና ሳትል፣ ከመስመር ሳትጎድል አድጋለች።

«ወለላ፣ ወዴት ነሽሳ? ቦታ አለ ነይ!» አሏት።

«ብስክሌት ልነዳ ነው።»

«በዚህ ጭቃ?»

«ጭቃ በማይነካው።»

ሳቋቸው እስከ ከተማው መግቢያ ተከተላት።

ቀድመሽ ድረሺ ስላላት ሆን ብላ አርፍዳ ደረጃውን ወጣች። አንዱ ብስክሌት ለሰውመሆን ከፊት ተተክሏል፤ ስምንቱ በሁለት መስመር ተደርድሯል፤ ከስምንቱ ሰባቱ ሰው ይዟል። ከፊተኛው መስመር ጫፍ ወይዘሮ ሰብለወንጌል በአዲስ ሰማያዊ ቱታ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የባንኳ ሰገን አለች፤ ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች፣ ሁሉንም ነገር «እኛ ሰፈር» በማለት የምትጀምር። ከእሷ ጎን የመድኃኒት ቤቷ ሙናዬ። የቀሩት የመምህራንና የነጋዴ ሚስቶች ናቸው። ባዶው ኮርቻ ከወይዘሮ ሰብለወንጌል ቀጥሎ ያለው ነው።

ሰውመሆን ከፊት ለፊታቸው ቆሞ በሩን በሩን ያይ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ። የተደሰተ ሰው አይታ ታውቃለች፤ እንዲህ የሚያበራ ፊት ግን አይታ አታውቅም። ‹ይስቅብኛል› አለች በልቧ።

«ይቺ ልጅ ዛሬም ልታበጥር ነው የመጣችው?» አሉ ወይዘሮ ሰብለወንጌል፣ ለእሷ ሳይሆን ለአዳራሹ።

«ዛሬስ እትዬ፣ ከእርስዎ ጎን ልቀመጥ ነው የመጣሁት» አለችና ተቀመጠች።

ሙናዬ ሳቋን በፎጣዋ ሸፈነች። ሰውመሆን መጥቶ ተንበረከከና ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

«በልተሻል?» አላት በሹክሹክታ።

«አልበላሁም።»

«ውሃስ?»

«ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው።»

«ወገብሽን ደግሞ አጥብቀሽ...»

«ወገቤ የእኔ ነው።»

ቀና ብሎ አያት። ግራ ገባው። ቢሆንም ያ ብርሃን ከፊቱ አልጠፋም። «ደብዳቤዬ ግን ደርሶሻል?»

«ደርሶኛል።»

«እና መጣሽ» አለ፤ ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ።

«እና መጣሁ።»

ዓይኑ ውሃ ሞላ። እንዳያዩበት ፈጥኖ ተነሳና ጀርባውን ሰጣቸው። ወለላ እጀታውን እንደያዘች ቀረች። የሚስቅ ሰው ዓይን እንዲህ አይሞላም።

* * *

ዘፈኑ ተለቀቀ። እግሮች ዞሩ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ጨዋታ ነበሩ። ሰውመሆን የራሱን ብስክሌት እየነዳ ያወራል፤ ትከሻ ይውረድ፣ እጅ አይጨበጥ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ ይግባ። «ዛሬ ማንም ምንም አያሸንፍም። አርባ ደቂቃ ከራሳችሁ ጋር ብቻ ናችሁ። የደከመው ያቀዝቅዝ እንጂ አይቁም።»

«እኛ ሰፈር እንኳ አንድ ሰዓት ነው» አለች ሰገን እያለከለከች።

ወለላ ዓይኗ ወደ ጎን ሸሸ። የወይዘሮ ሰብለወንጌል እግር ይሽከረከራል። አምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ፣ ቀኑን ሙሉ ከወንበር የማይነሱ ሴትዮ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ ጉልበታቸው ይመላለሳል። የወለላ ደም ፈላ። ከመስመር ልትጎድል? ከእሳቸው? ልጁ እያየ?

ፍጥነቷን ጨመረች። እግሯ ከእግራቸው እኩል ሆነ። ሴትዮዋ በዓይናቸው ጫፍ አዩዋት፤ ጨመሩ። እሷም ጨመረች። እኩል መሆን ደግሞ አልበቃ አላት። ከጎኗ የተቀመጡት አሠሪዋ ብቻ አልነበሩም፤ የተዘጋው አፍ፣ «ጊዜ ስጪኝ» ያለው ፍርሃት፣ ዓመት ሙሉ ዓይኗን መሬት ላይ ያስተከላት መስኮት ናቸው። ቀዩን ማዞሪያ ያዘችና ወደ ቀኝ አዞረችው። ጎማው ከበደ። ‹ይክበድ።› ደግማ አዞረችው። አሁን እየገፋች ያለችው ብስክሌት ሳይሆን በጭቃ የተያዘ ጋሪ መሰላት።

«ወለላ፣ ማዞሪያውን አላዪው» አለ ሰውመሆን ከፊት።

ለሦስተኛ ጊዜ አዞረችው፤ መጨረሻው ድረስ።

ትንፋሿ ወደ ታች ልውረድ ሲል ስምንት ክንድ መቀነት እየመለሰው ደረቷ ላይ ብቻ ይንፈራገጥ ጀመር። ከግንባሯ የወረደ ላብ ዓይኗን አቃጠላት። ጭኗ ነደደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ፤ ወዲያው መብራት ጠፋና ዘፈኑ ግማሽ ላይ ተቆረጠ። በድንገተኛው ጸጥታ የሁሉም ትንፋሽ ተሰማ፤ ከሁሉም ትንፋሽ በላይ የእሷ። እንደ ታረደ በግ ይሰማል። አፈረች።

«ቀጥሉ፣ ብስክሌቱ መብራት አይፈልግም» አለ ሰውመሆን። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ወለላ፣ ቀስ በዪ። ወለላ፣ እዪኝ።»

አየችው። ሁለት ሆኖ ታያት። አዳራሹ ሜዳ ሆነ፤ ሜዳው ውሃ ሆነ፤ በመስመሩ ያሉት ሁሉ ቀድመዋት ሄደው ስሟን እየጠሩ ይዘፍኑባታል። ‹አልቀርም› ልትል አፏን ስትከፍት አየር አጣች። ጨነቃትና እግሯን ቀጥ አድርጋ አቆመች።

ጎማው አልቆመም። ፔዳሉ እግሯን መትቶ አነሳትና ወደ ጎን ወረወራት። ከወለሉ በፊት የያዟት ግን ሁለት ወፍራም ክንዶች ነበሩ፤ ሩዝና የሴት ሽቶ ይሸታሉ። በዓለም ላይ ካሉት ክንዶች ሁሉ ልትወድቅባቸው የማትፈልጋቸው እነዚያ ነበሩ።

* * *

«ማነው እንዲህ አንቆ የላካት? ልጅቷ ትንፋሽ የላትም እኮ» አሉ ወይዘሮ ሰብለወንጌል። ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገውታል። «ውሃ አምጪ፣ ሙናዬ። አንተ ዞር በል፤ የሴት ወገብ ነው።»

ሰውመሆን ፊቱ አመድ መስሎ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። ሴትዮዋ የመቀነቱን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱትና እያዞሩ ያወልቁት ጀመር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። አየር ወደ ወለላ ገባ። ሦስተኛው ዙር ሲፈታ አራት የታጠፈ ወረቀት ወለሉ ላይ ወደቀ።

ወለላ አየችው። እጇን ልትዘረጋ ብትል እጇ አልታዘዛትም።

ወይዘሮ ሰብለወንጌል ወረቀቱን አነሱና ገለጥ አደረጉት። «ይህ የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው።»

«እማዬ፣ ስጪኝ» አለ ሰውመሆን።

«አልሰጥም። በእኔ ጣሪያ ሥር፣ በእኔ ሠራተኛ ወገብ ውስጥ ምን ተጽፎ እንደሚኖር ልወቅ እንጂ። ሰዉም ይስማ።» መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው ጀመሩ። «‹ወለላ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንጀምራለን...›»

ስለ ውሃና ፎጣው ሲያነቡ ሰገን ሳቀች። ስለ መቀመጫው ሕመም ሲያነቡ ሌሎቹም ሳቁ። ሴትዮዋ ራሳቸው ቀለላቸው። «ይኼማ የሥራ ወረቀት ነው» አሉና ሁለተኛውን ቅጠል ገለጡ። ወለላ ያላነበበችውን።

«‹ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ የጠየቅሽኝን ረስቼ አይደለም። በማውቀው ነገር ብጀምር እጄ አይንቀጠቀጥም ብዬ ነው። አሁን ግን ተንቀጠቀጠ።›» ድምፃቸው ቀነሰ፤ ማንበቡን ግን አላቆመም። «‹እናቴ እስካሁን አታውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እራት ላይ ልነግራት አፌን ከፍቼ በጉርሻ ዘጋሁት። እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን እፈራታለሁ።›»

ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትፈራኛለህ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔን?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ ልጃቸውን እንደ እንግዳ ሰው አዩት። ያለ አባት ያሳደጉት፣ በየጉርሻው መሀል ያወሩት የመሰላቸው ልጅ። ወረቀቱን ወደ ወለላ ዘረጉ። «የቀረው የእኔ አይደለም። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

«እችላለሁ፣ እትዬ።» በሌላ ቀን ቢሆን ምላሷ አንድ ነገር ይጨምርበት ነበር።

ቀና ብላ ተቀመጠችና ለብቻዋ አነበበች።

‹ቅዳሜ ከብስክሌቱ ስትወርጂ እግርሽ ይንቀጠቀጣል። ያኔ እጅሽን እይዛለሁ፤ እናቴ ፊት፣ ሰው ሁሉ ፊት። እዚያው እነግራታለሁ። እሁድ የካሴ ሽማግሌዎች አባትሽ ደጅ ሳይደርሱ የእኔ ሽማግሌዎች ይደርሳሉ። የማትፈልጊኝ ከሆነ ቅዳሜ አትምጪ። ባዶውን ኮርቻ አይቼ መልስሽን አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም። ከመጣሽ ግን፣ ወለላ፣ መምጣትሽ እሺታሽ ነው።›

ያ ፊት ለምን እንደበራ ገባት። ዓይኑ ለምን እንደሞላ ገባት። ከሐሙስ ጀምሮ ሆዷ ላይ ታስሮ የከረመው ምን እንደነበረ ገባት፤ ትንፋሽ ያሳጣትም መቀነቱ ብቻ እንዳልነበረ።

ልታለቅስ ነበር። ኩራቷ ቀደማት።

«ይህን ቅጠል አላነበብኩትም ነበር» አለች።

ሰውመሆን የሰማው ወዲያው አልገባውም።

«የመጣሁት ልጣላህ ነው። ያልበላሁት ብዪ ስላልክ ነው። ወገቤን ያጠበቅሁት አታጥብቂ ስላልክ ነው።»

ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየች፤ መብራት የጠፋው ገና አሁን መሰላት። «እንግዲያ መልስሽ አልነበረም» አለ።

«አልነበረም።» ብስክሌቱን ተደግፋ ቆመች። «አባቴ ዝምታዬን እሺታ ብሎ ሊቆጥር ነው። አንተ መምጣቴን እሺታ ብለህ ቆጠርክ። ከመካከላችሁ አንዳችሁ እንኳ አፍ እንዳለኝ ትዝ አይላችሁም? ይኼን ያህል የምናገር ሰው!»

ሙናዬ ፎጣዋን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሰገንም ስለ ሰፈሯ አላነሳችም።

ሰውመሆን ወደፊት መጣ። እናቱን አላያቸውም፤ በሩንም አላየም። «ወለላ፣ ነገ ሽማግሌ ልላክ?»

ሁለት ሳምንት የጠበቀችው ጥያቄ ነው። ሲመጣ እንዲህ አጭር ይሆናል ብላ አላሰበችም። ነገ ጠዋት አባቷ ደጅ ላይ ቆሞ ወደ እሷ ሲዞር ታያት። ለእሱ የምትመልሰውንም ዛሬ አገኘችው።

«ላክ» አለች።

ሁሉም ወይዘሮ ሰብለወንጌልን አዩ። ሴትዮዋ ገና ወለሉ ላይ ናቸው፤ መቀነቱን ክንዳቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈቱታል፣ ደግመው ይጠቀልላሉ።

«ማዞሪያውን ስንት አዙረሽው ነበር?» አሉ ድንገት።

«መጨረሻው ድረስ፣ እትዬ።»

«መጨረሻው ድረስ» ደገሙት። «እኔ እኮ ጭራሽ አልነካሁትም። ልጄ አትንኩ ስላለ አልነካሁም፤ ጎማው ለብቻው ይዞርልኝ ነበር። አንቺ ከምን ጋር ነው የምትሽቀዳደሚው?»

ወለላ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ልትመልሰው ብትሞክር አልመለስ አለ።

«ማንን ልትልክ ነው?» ሴትዮዋ አሁን ልጃቸውን እያዩ ነው።

«አማረን... የሥራ ጓደኛዬን።»

«አማረን? ገና ጢሙን ያልጨረሰውን ልጅ ሽማግሌ ብለህ የሰው ደጅ ልታዋርደኝ ነው?» እጃቸውን ለሙናዬ ሰጥተው ተነሱ። «የአባትህ ወዳጅ የኔነህ ሐሙሲት ከተማ ነው ያለው። ዛሬውኑ አስጠራዋለሁ። እፈራታለሁ ብለህ መጻፍህን ግን ይቅር አላልኩም። ዕለት ዕለት እራት ላይ ትሰማዋለህ።»

«እሰማለሁ፣ እማዬ።»

«ጉርሻ የለም።»

«እሺ።»

ከዚያ ወደ ወለላ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ግን መስኮቱ ጀርባ ያለው የወትሮው ፊት ነው። «እጅሽን አንሺ» አሉ።

አነሳች። መቀነቱን ወገቧ ላይ አሳረፉና ይዞሯት ጀመር፤ ዝግ ብለው፣ በየዙሩ ሁለት ጣታቸውን በጨርቁና በሆዷ መሀል እያስገቡ። የእናቷ እጅ አይደለም። የእናቷን ያህልም አይለሰልስም። ወለላ ጫፉን ይዛ ጣሪያውን እያየች ቆመች።

«ጠበቀሽ?»

«አልጠበቀኝም፣ እትዬ።»

«ተንፍሺ እስቲ።»

ተነፈሰች። ሆዷ ድረስ ወረደ።

በዚህ መሀል ሰውመሆን መጥቶ እጇን ያዘ፤ እናቱ ፊት፣ ሰው ሁሉ ፊት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ልታስለቅቀው አልፈለገችም። ወደ ታች አየች። እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ይቺን እንኳ በትክክል ጽፏት ነበር።